ከብቱ ኤላ ያልወረደ ዕለት

ነገሌ ቦረና በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የቀረኝ የቃሪያ ዘር አንድ እፍኝ አይሞላም ነበር። እናቴ ከሰላሌ ስመጣ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችኝ ነው፤ እሷም በዓመቱ አረፈች። ያ ዘር ከጠፋ ከእጇ የቀረኝ ነገር አልነበረም። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዘርቼ ሁለቴም ፈጅቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት እንደ አገሬ ሰኔን ጠብቄ ችግኙን ጓሮ አወጣሁት። ክረምት ሊገባ መስሎኝ! እዚህ ሐምሌ ሰማዩ ይጨፈግጋል፣ ብርዱ ያቆፍናል እንጂ ጠብታ የለም። በአህያ ተጭኖ የሚመጣው ውኃ ለመጠጥ እንኳ አይበቃ፤ በምን ላጠጣው? ደረቀ። በሁለተኛው ዓመት ብልጥ ሆኜ መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ እንደወረደ ተከልኩ። ሁለት ቀን አካፍቶ ጠፋና ፀሐይ ጠበሰብኝ። ያኔ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ወተት የሚያመጡልን፣ በልጃቸው ስም የሊበን እናት የምንላቸው የቦረና ሴት ነበሩ፤ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። በሦስተኛው ዓመት በላምባ ቆርቆሮ ያፈላሁትን ችግኝ ሳሳያቸው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ከብቶቼ ኤላ መውረድ እስኪያቆሙ እንዳትነኪው» አሉኝ። ኤላ የሚሉት ጥልቁን ጉድጓድ ነው፤ ሰው ተደርድሮ ውኃ እየተቀባበለ ከብት የሚያጠጣበት። ዝናቡ የምር ሲሆን ከብቱ ከየኩሬው ይጠጣል፣ ኤላውም ያርፋል።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ዘነበ። የባሌ የሥራ ባልደረባ ሚስት፣ ጎረቤቴ፣ በዚያው ዕለት ጎመኗንም ቲማቲሟንም ተክላ ጨረሰች። የሊበንን እናት «አንቺ ወተት!» እያለች ነበር የምትጠራቸው። በአጥር ብቅ ብላ ችግኙን ለሠርግ ነው ወይ የምታስቀምጪው አለችኝ። ባሌም የጸሐፊ ሚስት ከወተት ሻጭ ትማራለች ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ቆርቆሮውን አንስቼ ጥላ ሥር መለስኩት።

በየማለዳው የሊበንን እናት በቋንቋቸው «አካም? ናጋ?» ብዬ ሰላም ካልኳቸው በኋላ አፍ አፋቸውን አያለሁ፤ ከብቶቹ ወርደዋል ይሉኛል። ችግኙ ረዝሞ መንገዳገድ ጀመረ። አንድ ቀን መቆፈሪያውን ሁሉ አንስቼ ነበር፤ እግዜር ይመስገን፣ መልሼ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ የጎረቤቴ ጓሮ ጠወለገ፣ በሁለተኛው ሳምንት ድርቅ አለ።

በሚያዝያ ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ማለዳ የሊበን እናት ወተቱን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ከበሩ ላይ፣

«ዛሬ ከብት ኤላ አልወረደም» አሉ።

ቁርሱም ምኑም ቀረ። ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፤ እሳቸውም ገብተው አብረውኝ ተከሉ። አንድም ሥር አልሞተም። አንድም! ሰኔ መጨረሻ ላይ ቃሪያው ተንዠርግጎ ባሌ እያላበው በላና ይቅርታ አለኝ። ደስታዬን አልደበቅኩም፤ ድገመው አልኩት፣ ደገመው።

ጎረቤቴ ዘር ልትለምን የመጣች ዕለት ወተቱ ሊቀዳ የሊበን እናት በር ላይ ቆመዋል።

«ዘሩ የእናቴ ነው፣ እሰጥሻለሁ» አልኳት። «የሚተከልበትን ቀን ግን እሳቸውን ጠይቂ።»

ጎረቤቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እሳቸው ዞረችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አለቻቸው።