የፋራጉት አደባባዩ ጋሼ ዳዊት

ሙሉዓለም መስፍን ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ያቆማል። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን ባቡር መጥቶ ፋራጉት ኖርዝ ይወርዳል፤ ማታ በመጣበት ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ከምድር በታች ስለሚውል፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፀሐይ ለማየት ወደ ላይ ይወጣና አደባባዩ ላይ ሐውልቱ ሥር ካለ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል።

ሐውልቱ የአንድ ዝነኛ የባህር ኃይል ጀግና ነው፤ የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ ባህር በሌለበት ከተማ ባህር የሚፈልግ ሰው። አደባባዩ ፋራጉት ይባላል። ባቡር ጣቢያውም ፋራጉት፤ አንድ አልበቃ ብሎ ሁለት፣ ኖርዝና ዌስት። ሙሉዓለም ይህ ነገር አይዋጥለትም ነበር።

«ፋራጉት እኮ የአባቱ ስም ነው» ይላል ለሰማው ሁሉ። «የራሱ ስም ዴቪድ ነው። ሰውየው ተዋግቶ አባትየው ተሞገሱ!»

ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፤ እድሜው ከገፋ ደግሞ ጋሼ ይጨመርለታል። ስለዚህ ሙሉዓለም ሐውልቱን ጋሼ ዳዊት አለው። «እንዴት አደሩ ጋሼ ዳዊት?» ብሎ ያልፋል ጠዋት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን የልቡን የሚያጫውተው እሳቸውን ሆነ። ስለ አለቃው፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ብቸኝነቱ ይነግራቸዋል። መልስ ባይሰጡም ወሬ አያቋርጡም፤ ይህ ደግሞ ከስንቱ ሰው ይገኛል?

ስሂን የምትባል ልጅ ያገኘውም እዚያው ነው። እሷ ከአሌክሳንድሪያ በብሉ ላይን እየመጣች ፋራጉት ዌስት ትወርዳለች፤ አደባባዩ አጠገብ ሳንድዊች ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ምሳዋን ይዛ መቀመጫ ስታጣ፣ ሙሉዓለም ጠጋ ብሎ «ነይ ተቀመጪ፣ ጋሼ ዳዊት ይፈቅዳሉ» አላት።

«ማናቸው ደግሞ?»

ወደ ላይ አሳያት። ስሂን በሳቅ ሳንድዊቿ ሊወድቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባቡራቸው ለየቅል ቢሆንም ወንበራቸው አንድ ሆነ፤ ሁለት በጋ አለፈና ሊጋቡ ተስማሙ።

ችግሩ የስሂን አጎት ናቸው። ጋሽ ተክለሃይማኖት እሷን ወደ አሜሪካ ያመጧት፣ በቤታቸው ያኖሯት የእናቷ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ በባህር ኃይል አገልግለዋል፤ ከመርከብ ከወረዱ ዘመን ቢቆጠርም መርከቡ ከሳቸው አልወረደም። አፓርታማቸው ውስጥ ወለሉ እንደ መርከብ ወለል «ደክ» ይባላል፤ ጫማ በመስመር ይሰለፋል። ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም። «በወጉ ሽማግሌ ይላክ» አሉ ብቻ።

ሙሉዓለም የሚፈራው ይህንኑ ነበር። ሽማግሌ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ልጁ የማን ነው?» ነዋ። እናትና አባቱን አያውቃቸውም። ደሴ ላይ ያሳደጉት የወፍጮ ቤት ባለቤቱ ጋሽ መስፍን ናቸው፤ ስማቸውን አውርሰውት አርፈዋል። እሱም ዲቪ ደርሶት መጣ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ ሙሉዓለም ግን አመዱም የለው።

ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሽማግሌዎች ለመነ። አፈ ጉባኤያቸው የሻትል አውቶቡስ የሚነዱት ጋሽ ንጉሴ ሆኑ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው በሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌዎቹ አሌክሳንድሪያ ሲሄዱ ሙሉዓለም፣ እንደ ደንቡ፣ ቤቱ ቀረ። ስልኩን ታቅፎ ሲንቆራጠጥ ጋሽ ንጉሴ ደወሉ።

«ኮንግራ! ኦልሞስት አልቋል።»

«ኦልሞስት ምንድነው ጋሼ?»

«ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። በስንት ልመና ተቀመጥን። ከዚያ ሰውየው 'ልጁ እዚህ አገር ማን አለው?' አሉ። ሁለቱ ጓደኞቼ አቀረቀሩ። እኔ ግን 'አጎቱ ጋሼ ዳዊት አሉ' አልኩልህ!»

ሙሉዓለም ወንበር ፈለገ።

«ምነው ዝም አልክ? ሁልጊዜ 'ጋሼ ዳዊትን አማክሬ፣ ጋሼ ዳዊት ዘንድ ምሳ በልተን' ትለኝ የለም እንዴ? ሥራቸው ምን ነበር ቢሉኝ፣ ባህር ኃይል ነበሩ አልኩ። አንተው ነህ የነገርከኝ። ሰውየው ከመቀመጫቸው ብድግ! 'ባህር ኃይል? እንግዲያ እሳቸውን ሳላገኝ ቃል አልሰጥም፤ የሚመጣው ቅዳሜ ያገናኘኝ' አሉ።»

«ጋሼ፣ ጋሼ ዳዊት ሐውልት ናቸው።»

ጋሽ ንጉሴ ግን ቶሎ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ግዴለም፣ ላንግሊ ፓርክ አንድ ሽበታም ወዳጅ አለኝ። ኮት እናለብሰውና ለአንድ ቀን ዳዊት ይሁን።»

እውነት ለመናገር፣ ሙሉዓለም ሐሳቡን ትንሽ አሰበበት። ከዚያ ስሂን ጋ ደወለ። እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ድምጿ ተለወጠ።

«አጎቴ ድህነትንም ብቸኝነትንም ይችላሉ፤ ውሸት አይችሉም። ሽበታም ተከራይተህ ብትመጣ አበቃልን። ሐውልቱ ጋ ውሰዳቸውና እውነቱን ንገራቸው።»

«ዘመድ የለኝም ልበላቸው?»

«በላቸው» አለች።

ቅዳሜ ጋሽ ተክለሃይማኖት ከፋራጉት ዌስት ሲወጡ ሙሉዓለም ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸው ፊት ያሳያል፤ በእጃቸው አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘዋል።

«ለአጎትህ ነው። ባዶ እጅ አይኬድም» አሉት።

መንገዱን ተሻግረው አደባባዩ ውስጥ ገቡ። ሙሉዓለም ሐውልቱ ሥር ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ፤ አንዲት ሴት ውሻ ይዛ ታልፋለች፣ ሌላ ሰው የለም።

«የታሉ?»

«ይኸው ናቸው» አለ፣ ወደ ላይ እያሳየ። «ጋሽ ንጉሴ አልዋሹም፤ እውነት መስሏቸው ነው። አጎት የለኝም። አባትም አላውቅም። መስፍን ያሳደጉኝ ሰው ስም ነው። እዚህ አገር የማማክረው ሰው ባጣ፣ እሳቸውን ጋሼ አልኳቸው።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ሐውልቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ስለዚህ ሰው ምጽዋ ሳለን አስተምረውናል» አሉ በመጨረሻ። «ሲወለድ ስሙ ዴቪድ አልነበረም፣ ጄምስ ነበር። ዴቪድ ያሳደገው የመርከብ አዛዥ ስም ነው። ልክ እንዳንተ።»

ሙሉዓለም ቀና ብሎ ሐውልቱን አየ።

«ዛሬ በስሙ ከተማ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። መርከብ እንኳ አንዱ ሲያረጅ ስሙ ለአዲሱ ይሰጣል፤ አሁንም ባህር ላይ አንድ አለ። ይህን ሁሉ ስም ያተረፈው የሰው ቤት ልጅ ነው። አንተ ምኑ ነው ያሳፈረህ?»

የሙሉዓለም እንባ መጣ፤ በደስታ መሆኑን ያወቀው ዘግይቶ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጅነቱ ነገር ሲነሣ አንገቱን አልደፋም።

ሽማግሌው ኮታቸውን ቆለፉ፣ ተረከዛቸውን ገጠሙና ለሐውልቱ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጋሼ ዳዊት፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅዎ መጥተናል። ካልሰሙን አንቀመጥም።»

ጠበቁ። አንዲት እርግብ ከሐውልቱ ትከሻ ላይ ተነሥታ በረረች።

«ዝም አሉ» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት። «ዝም ካሉ ፈቅደዋል። ና፣ ብርቱካን ላጥ።»

ሠርጉ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሆነ። አዳራሹ በሙሽሪት ወገን ተሞላ፤ በሙሽራው በኩል የተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ግን ጋሽ ንጉሴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ ተቀምጠዋል። ጋሽ ተክለሃይማኖት ይህን አይተው ከሙሽሪት ጠረጴዛ ተነሡ፤ ሳህናቸውን ይዘው፣ በአዳራሹ መሀል ቀጥ ብለው ሄደው ከሙሉዓለም ወገን ተቀመጡ።

ስሂን ከነቬሎዋ ተጣራች። «ጋሼ! ጥለውኝ ሄዱ? የኔ አጎት ማን ሊሆን ነው?»

«አንቺማ» አሉ፣ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ጋሼ ዳዊት አሉሽ።»