መሸኛ ያልተጻፈላቸው የሌሊት ወፎች

ዛሬ አፍንጮ በር ያደግኩበት ቤት ጎራ ብዬ ኮርኒሱ ውስጥ የሌሊት ወፎቹ ሲንጫጩ ሰማሁ። አሁንም አሉ!

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በበርበሬ ጭስ ሊያባርራቸው መጥቶ ነበር። አብዮቱ ሌላ ጠላት አልቀረውም መሰለኝ።

የባዮሎጂ አስተማሪ የነበረው አባቴ ትንኝ እንደሚበሉ ቢያስረዳ ሰሚ አጣ።

በመጨረሻ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ነዋሪ ቀበሌ ሲለቅ መሸኛ ደብዳቤ ይዞ አይደል? እነዚህን ያለ መሸኛ የትኛው ቀበሌ ይቀበላቸዋል?» አለው።

ጓድ ደነገጠ። ጭሱን አስጠፍቶ መመሪያ እንዲሰጠው ለበላይ አካል ጻፈ። ቆራጥ መሪ በርበሬ እየታጠነ እንኳ ያለ መመሪያ አያስነጥስም!

መልሱ ሳይመጣ ደርግ ራሱ ያለ መሸኛ ሄደ። ወፎቹ ግን ይኸው ትንኛቸውን ይለቅማሉ።

የእናንተስ ቀበሌ በማን ተሸነፈ? እስቲ ንገሩኝ።