የእትዬ አስካለ እራፊ

ልጄ ጀማል በዚህ ክረምት ሞተ። ገና ቁጭ ማለት እየለመደ ነበር።

ልጅ ሳለሁ መካነ ሰላም ገበያ ዳር የነበረው ቤታችን የፊተኛው ክፍል ልብስ መስፊያ ነበር። የስፌት መኪናው የእናቴ አጎት የአያ ይመር ነው። አባቴ ጅዳ ስለነበር ቤቱን የያዙልን እሳቸው ነበሩ። ቀን የሰው ልብስ ይሰፋሉ። ሲመሻሽ መኪናውን ይሸፍኑና ፋኖስ ይለኩሳሉ፤ በካውያው ውስጥ የቀረውን ፍም በገል ላይ ገልብጠው እጃቸውን ያሞቃሉ። ያኔ የሰፈር ልጆች አንድ በአንድ እየገባን ፍሙን ከበን እንቀመጥ ነበር፤ ክፍሉ የከሰል ጭስና የተተኮሰ ካኪ ይሸታል፤ እሳቸውም እጀታው የተሰበረ መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው ጋር አስረው፣ ድሪቶ በመርፌ እየሰፉ፣ ዓይናቸውን ከስፌቱ ሳያነሱ ተረት ይጀምሩልናል።

ከመኪናው ጀርባ ሁለት ጆንያዎች ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙ ነበር። ከሰው ልብስ የተረፈ እራፊ ሁሉ እዚያ ይገባል። ሌላ ልብስ ሰፊ ቢሆን በቀለም ወይም በጨርቁ ዓይነት ይለይ ነበር። አያ ይመር የሚለዩት በቤት ነው። ልጆቻቸው በሕይወት ያሉላቸው ቤቶች እራፊ በአንደኛው፣ ልጅ የቀበሩ ቤቶች እራፊ በሁለተኛው። ካኪም ይሁን ቴትሮን፣ ሰፊም ይሁን ከመዳፍ የሚያንስ፣ ከማን ቀሚስ ወይም ከማን ሱሪ እንደተረፈ አይረሱም። ከሁለተኛው ጆንያ ለልጅ የሚሆን ነገር አይወጣም። ለትራስ መሙያ ያደርጉታል፤ ለአህያ ጭነት መደላድል ያደርጉታል። ከሰፈሩ አንዱ ቤት ልጅ ሲሞትበት፣ ያኔ ከቀብር መልስ ማንንም ሳያናግሩ የመጀመሪያውን ጆንያ ይዘረግፋሉ፤ የዚያን ቤት እራፊ ፈልገው ያወጣሉ፤ ወደ ሁለተኛው ያዛውራሉ። ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው የተመለሰ እራፊ ግን አላየሁም።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በተረታቸው ውስጥ አለ።

ሞት ወደ አንድ መንደር ይመጣል። እሳቸው መለከልመውት ነበር የሚሉት። ሕፃን ተኝቶ ሲያገኝ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሕፃኑ አዲስ ልብስ የለበሰ እንደሆነ አንድ ድምፅ ብቻ «የኔ ነው» ይለዋል። ሞትም የማንን ቤት እንደሚያስለቅስ ያውቅና ይወስደዋል። ከየቤቱ በተለመነ እራፊ የተሰፋ ድሪቶ የለበሰ ከሆነ ግን እራፊው ሁሉ አፍ አውጥቶ «የኔ ነው! የለም፣ የኔ ነው! ውሸቷን ነው፣ የኔ ነው!» ይላል። አያ ይመር እዚህ ላይ የሰፈሩን ሴቶች ድምፅ አንድ በአንድ እየቀዱ ያስቁናል። ሞት ግራ ይገባዋል። አንድ ነፍስ ወስዶ መንደር ሙሉ ሊያስለቅስ ነው? እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልተሰጠውም። እያጉረመረመ ይሄዳል።

«ግን» ይላሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው፤ «ከእራፊዎቹ መሀል አንድ ቀን ገብቶበት የወጣው ቤት ካለ፣ ድምፁን ያውቀዋል። ‹አንቺን አውቅሻለሁ› ይላታል። ያን ጊዜ የሌሎቹን ጩኸት አይሰማም።»

እዚህ ላይ የሚስቅ ልጅ አልነበረም።

እናቴ ከኔ በኋላ ሁለት ወልዳ ሁለቱም ሳይድሁ ተቀብረዋል። ሰው ሾተላይ አለባት ይል ነበር። የኛ ቤት እራፊ ከሁለተኛው ጆንያ ነው። ስለዚህ ትንሿ እህቴ በተወለደች ጊዜ ከቤታችን አንዲት ክር እንኳ እንዳትነካት ተባለ። አባቴ ከጅዳ የላከው ባለ አበባ ብርድ ልብስ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። አያ ይመርም ድሪቶውን ጀመሩ።

እራፊ በጆንያቸው ሞልቶ ነበር፤ ሳይለመን የተወሰደ እራፊ ግን አይናገርም። ባለቤቲቱ በአፏ «ሰጥቻለሁ» ማለት አለባት። ስለዚህ በገበያ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው የምታልፈውን ሴት ሁሉ ይጠሩ ነበር።

«አስካለ! ነይ እስቲ። ከአረንጓዴው ቀሚስሽ የተረፈች አለች። ለእህቴ የልጅ ልጅ ስጪኝ።»

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናት። የክርስቲያን ቤት ነው። አራት ልጆች ነበሯት፣ አራተኛው ጡት የሚጠባ። በረንዳው ሥር ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እንዴ አያ ይመር! ጨርቁ አልበቃም ብለው አይደል ቀሚሱን ያሳጠሩብኝ?»

«ባላሳጥረው ኖሮ ዛሬ ምን እለምንሽ ነበር?»

«ወላሂ ሌባ ነዎት!» ብላ ሳቀች። ክርስቲያኑም እስላሙም እኛ ዘንድ ወላሂ ይላል። «ሰጥቻለሁ። ትደግላት።»

እራፊዋ ከሁሉም ሰፋ ያለች ነበረች፤ አረንጓዴ መደብ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ። አያ ይመር መሀል ላይ፣ በሕፃኗ ደረት ትክክል አደረጓት። ጠርዙን በካኪ ቀመቀሙት፤ ውስጡን በአቡጀዲ ገበሩት። እህቴ ከሲታ ነበረች። የእናቴ ወተት አልወርድ ብሎ በውሃ የቀጠነ የላም ወተት በማንኪያ ነበር የምትሰጣት። የኛ የወሎ ቦረና ብርዱ ያን ሰሞን አጥንት ይገባ ነበር። እናቴ በየቀኑ ከጓዳ ሆና «አያ፣ አልደረሰም?» ትላለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደረሰ። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድሪቶውን ለብሳ አደረች።

በማግስቱ ማለዳ እሪታ ሰማን።

እናቴ ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ «ከማን ቤት ነው?» አለች። አያ ይመር በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ። የማን ድምፅ እንደሆነ እኔም ለይቼዋለሁ። ማታ ማታ እየቀዱ የሚያስቁን ድምፅ ነው። የእትዬ አስካለ ሕፃን በአንድ ሌሊት ትኩሳት ሞቶ ነበር።

እናቴ ድሪቶውን ከእህቴ ላይ ገፍፋ መሬት ላይ ጣለችው።

«አያ! እራፊዋን አውጡልኝ! አሁኑኑ አውጡልኝ!»

አያ ይመር ድሪቶውን አነሱ። አራገፉት። መቀሱን አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

«ቀብር አለብኝ፤ ስመለስ።»

«እስከዚያ ምን ላልብሳት?»

«ጋቢሽን።»

«የኔን ጋቢ?» አለች እናቴ። የኔን የሞት ጋቢ ማለቷ ነበር።

ያ ቀን አላልቅ አለ። እናቴ እህቴን በባዶ ገላዋ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጋቢው ሕፃኗን እንዳይነካ ከጀርባዋ ብቻ ጣል አድርጋ፣ ከአልጋው ሳትወርድ ዋለች። እህቴ ታለቅሳለች፤ ዝም ትላለች፤ እንደገና ታለቅሳለች። ዝም ስትል እናቴ ጆሮዋን የሕፃኗ አፍንጫ ላይ ታደርጋለች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ፀሐይዋን እጠብቅ ነበር። ከመጥለቋ በፊት እራፊዋ ካልወጣች መለከልመውት እንደሚመለስ ማንም ባይነግረኝም አውቄያለሁ። መንገዱን ያውቀዋል። ጎረቤት ነን።

አያ ይመር ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። እጃቸውን ታጠቡ፤ ፋኖሱን ለኮሱ፤ ድሪቶውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። የዚያን ዕለት ለተረት የመጣ ልጅ አልነበረም፤ ፍምም አልነበረም። በመቀሱ ጫፍ ከአረንጓዴዋ ጥግ አንድ ስፌት በጠሱ። ሁለተኛውን በጠሱ። ያኔ ደጁ ላይ ግርግር ሰማን።

እትዬ አስካለ ነበረች። ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ክንዷን ይዘው ይጎትቷታል።

«ኧረ በስመ አብ! አራስ ቤት ነው አስካለ! ሐዘንተኛ አራስ ቤት አይገባም!»

«አልገባም። ልቀቁኝ፣ አልገባም።» ደፍ ላይ ቆመች። ፊቷን ነጭታዋለች። «አያ ይመር፣ አወጡት?»

«እየጀመርኩ ነው።»

«ቶሎ ይበሉ። ድምፄን ያውቀዋል አሁን። ከጠዋት ጀምሮ ስጮህ ዋልኩ፤ በደንብ ሰምቶኛል። ያውጡት! የሰዓዳ ልጅ ትትረፍ።»

ሰዓዳ እናቴ ናት። ከጓዳ ወጣች። ጠዋት እሪታው የሌላ ቤት መሆኑን ስታውቅ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ነበረ፤ ስሙን ዛሬም አልጽፈውም። እህቴን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሁለቱ ሲተያዩ አያ ይመር መቀሱን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

የእትዬ አስካለ ቀሚስ ከደረቷ እስከ ሆዷ ረጥቦ ነበር። እኔ እንባ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን አየችው፤ ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እርጥቡ ሰፋ።

«ጡትሽ ሞልቷል» አለች እናቴ።

«ከጠዋት ጀምሮ። ቀብሬው ስመለስ ባሰ። ወተቱ መሞቱን የት አውቆ።»

«ነይ ግቢ።»

«እብድ ነሽ?»

«ግቢ አልኩሽ። የኔ አይበቃትም፤ ታይው የለ? እንኪ።»

እትዬ አስካለ እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። «ዛሬ? በዚህ እጄ? አፈሩ መች ለቀቀ!»

እናቴ ደፉ ድረስ ሄደች፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስደገፈቻትና ለቀቀቻት። እትዬ አስካለ ካልያዘቻት ትወድቃለች። ያዘቻት።

ከኋላ ከነበሩት ሴቶች አንዷ አማተበች። ሌላዋ «ያረቢ» አለች። እትዬ አስካለ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን አዞረችብን። የእህቴ አጠባብ ይሰማን ነበር። እንደዚያ ስትጠባ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ የእትዬ አስካለ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሕፃኗን ግን አላስለቀቀቻትም።

አያ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አስካለ፣ ልፍታው ወይስ ልተው?»

ሕፃኗን አስተካክላ አቀፈቻት።

«ይተዉት» አለች ሳትዞር። «መጥቶ ቢጠይቀኝ የኔ ናት እለዋለሁ። አሁን ውሸት አይደለም።»

እናቴ አብራት ተቀመጠች። አያ ይመር መርፌያቸውን ከደረት ኪሳቸው ነቅለው ክር አስገቡ። የበጠሷቸውን ሁለት ስፌቶች መልሰው ሰፏቸው።

እህቴ በሁለት ጡት አደገች። አሁን ኩዌት ናት፤ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው እማ አስካለን ነው። ድሪቶው አተረፋት አልልም። ወተቱ ይሆናል፤ ቀኗ አልደረሰም ይሆናል። አያ ይመር ተረቱን እስኪሞቱ ድረስ ነገሩ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሞት እያጉረመረመ የሚሄድበት ላይ ይጨርሱት ነበር። ስለሚታወቀው ድምፅ ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸውም አላነሱትም።

እኔ ጋ የቀረው ግን ተረቱ አይደለም። እትዬ አስካለ ከመቃብር ተመልሳ ያን አጭር መንገድ መሄዷ ነው። ያኔ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ደግነት የሚለው ቃል ያንስብኛል። ልጇን ቀብራ የመጣች ሴት፣ በቤቷ የቀረ ነገር ሌላ ቤት እንዳያቃጥል ስትሮጥ ነው ያየሁት። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም። በጀማል ቀብር ዕለት የኔን ፈልጌ አጣሁት።

ጎረቤታችን ዘይነብ አራስ ናት። ለቅሶ አልመጣችም፤ ማንም አልወቀሳትም። ባሏ መጥቶ ከኛ ጋር ዋለ፤ ጉድጓዱንም ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። እኔ ግን ከአጥሩ ማዶ ሕፃኗ ስታለቅስ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን ለመድፈን እጄን አነሳ ነበር። ሰው እያየኝ መልሼ አወርደዋለሁ።

ወደ ማታ ሰማዩ ጠቆረ። ሴቶቹ ከባለቤቴ ጋር ውስጥ ነበሩ፤ ወንዶቹ ድንኳኑን ያጠብቃሉ። የመሀል አጥራችን የጋራ ነው፤ የሕፃናቱን ጨርቅ ሁለቱም እናቶች እዚያ ላይ ያሰጣሉ። ጀማል ማለዳ ከመሞቱ በፊት፣ በዋዜማው ባለቤቴ ያጠበችው ሁሉ እዚያው ነበር፣ ከዘይነብ ልጅ ጨርቅ ጋር ተደራርቦ። ካፊያው ሲጀምር ተነስቼ ወጣሁ።

ተረቱን አላምነውም። ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፤ ልጅ በምን እንደሚሞት ሐኪሙ ነግሮኛል። ሆኖም ጨርቆቹን ሳነሳ እያንዳንዱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ አየሁት። ነጩ ሁሉ ይመሳሰላል። ጠርዙን፣ ስፌቱን፣ ያልለቀቀ እድፉን እያየሁ ለየሁ። ዝናቡ እየጠነከረ መጣ፤ አልቸኮልኩም። እርግጠኛ ያልሆንኩባትን አንዲት ጨርቅ ከኛ ጋር አደረግኳት። የነሱን አጣጥፌ ዝናብ በማይደርስበት በራፋቸው ላይ አኖርኩ። የኛን ይዤ ገባሁ።