ባሌ በፀሐይና በዝናብ

እምነቴ ጽኑ ነው ስል ጎረቤቶቼ ይስቃሉ፤ አልፈርድባቸውም። አራዳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ ስሸጥ ስለኖርኩ የሰው እምነት በምን እንደሚወጣና በምን እንደሚወርድ አውቃለሁ። ልጁ የታመመበት ሦስት ጧፍ ይገዛል፤ ልጁ የዳነለት ጤና ይስጥልኝ ብሎኝ ያልፋል። በነሱ እስቅ ነበር እንጂ እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ።

ባሌ ቡና ሊያመጣ በቅሎዎቹን እየነዳ ጅማ ወረደ። ለመስቀል እመለሳለሁ አለኝ፤ የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው። የኅዳር በሽታ ገብቶ የሰፈሩ ሰው ሲረግፍ እኔ ተረፍኩ፤ የሱ ግን ወሬው ጠፋ።

ፀሐይ የወጣ ቀን፣ ጧፉም ከተሸጠልኝ፣ ባሌ በሕይወት አለ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ የክርስትና ስሙን በጸሎት ከመንገደኞች ጋር እንዲያነሡልኝ እለምናለሁ። ዝናብ ጥሎ፣ ጭቃው አላስኬድ ብሎኝ፣ ወገቤን ሲቆርጠኝ ግን ሰውየው ሞቷል። ያንኑ ስም ከሙታን ጋር አስነሥቼ፣ አልቅሼ እመለሳለሁ። ሐምሌን ሙሉ ሲሞት ይከርማል፤ መስከረም ሲጠባ ይነሣል። ከሙታን መነሣት ለሱ ልማድ ሆኖ ነበር።

የንስሐ አባቴ ታጋሽ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለቱንም ያደርጉልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጠርተው ቁርጡን እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ሞቷል ካልኩ ተዝካሩ ይውጣ፣ አለ ካልኩም ከሙታኑ መሐል ይውጣ።

"ልጄ፣ እግዜር አይደናገርም፤ እኔ ግን ደከመኝ" አሉኝ።

"ዛሬ ደመና ነው፣ አባ፤ ነገ ይጠይቁኝ" አልኳቸው።

ቁርጡን ያመጣልኝ ከጅማ የመጣ ሰም ነጋዴ ነው። ለጧፌ ሰም ልገዛ ስሄድ፣ የማን ሚስት እንደሆንኩ ሲሰማ አማተበ። ባሌ አለ፤ ደልቶታል። አራዳ በበሽታ አለቀ ሲባል ሰምቶ፣ እኔንም ሞታለች ብሎ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ በሬ አርዶ ተዝካሬን አወጣ። ነጋዴው ከተጋበዙት አንዱ ነበር፤ ወጡ ግሩም እንደነበር መሰከረልኝ። እኔ እዚህ ሽሮ ሳማስል የገዛ ተዝካሬ አመለጠኝ። ባሌ ከዚያ አግብቶ ልጅ ወልዷል። ወደዚህ ከሚመጣው ስንት ነጋዴ አንዱን እንኳ ጠይቅልኝ አላለም። እኔ በየዝናቡ ስቀብረው በየፀሐዩ አወጣው ነበር፤ እሱ አንድ ጊዜ ቀብሮኝ እጁን ታጠበ። አንጀቴ እርር አለ። ቀኑም ብራ ነበር፤ ጧፉም ተሸጦልኛል።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ባሌ መኖሩን ብቻ ሰምተው ፊታቸው በራ፤ ጸሎትሽ ተሰማ አሉኝ። የትኛው ጸሎት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ስሙን ዛሬውኑ ከሙታን መሐል እንደሚያወጡልኝ ነገሩኝ።

"ከመንገደኞቹም ያውጡልኝ፣ አባ" አልኳቸው፤ "ሰውየው ቤቱ ገብቷል።"