ለባቡር ሹሙ የተቀመጥነው ለቅሶ

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ገና የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራም ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ደግሞም ታሪኩ የእኔ አይደለም። እኔ ከመወለዴ ብዙ ቀደም ብሎ ሩሲያ ውስጥ የሞተ የአንድ ባለሥልጣን ታሪክ ነው። ነገር ግን አለቃዬ ወይዘሮ አልማዝ «ለአዲስ ገቢዎች የሚሆን ነገር ጻፊ፤ ማስታወቂያ እንዳታስመስይው ብቻ» ስላሉኝ የማውቀውን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ እዚህ በስደት አገር፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ አረጋውያን በሚኖሩበት አንድ ረጅም ፎቅ ነበር። ወይዘሮ አልማዝ የኤጀንሲያችን ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ሥራውን ከሥር ጀምረው ያወቁት፣ ቀልድ የማይጠፋቸው ሴት። በኤሌቬተር ስንወጣ ደንቡን ነገሩኝ። በሩን ጠንከር አድርገሽ አንኳኪ፣ የኤጀንሲውን ስም ተናገሪ። ከሁሉ በፊት እጅሽን ታጠቢ። ከመንካትሽ በፊት ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያቸው። ሰውን በብብቱ ይዘሽ አታንሺ፤ ለማንሻ የተሠራውን ቀበቶ ወገባቸው ላይ እሰሪና እሱን ያዢ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ ደግሞ አትግቢ» አሉኝ በመጨረሻ። «እናትና ልጅ ሲጨቃጨቁ አንቺ ሳህን እጠቢ።»

እንደተባልኩት ጠንከር አድርጌ አንኳኳሁ። ውስጥ ሰው ተደግፎ የሚራመድበት የዎከር ጎማ ሲንቀሳቀስ ተሰማና ቀጥ አለ። ማንም አልከፈተም። ወይዘሮ አልማዝ ገለል አደረጉኝና በሩን በጥፍራቸው ብቻ ነካ ነካ አደረጉት። ያኔ ተከፈተ።

«ይቺ ፖሊስ ናት ወይስ ሠራተኛ?» አሉ የከፈቱት ሴት።

ራይሳ ይባላሉ፤ ስማቸውን የጻፍኩት ፈቅደውልኝ ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሌሎች ሠራተኞች «ሚስ ራይሳ» ይሏቸዋል። እኔ አንድ ቀን አምልጦኝ «እማማ ራይሳ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እናትሽ ልሆን? መጀመሪያ የአልጄብራ ፈተናሽን እለፊ!» አሉኝ። ስሙ ግን ጸና።

ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ። መዋጥ ስለሚቸግራቸው ምግባቸው ሁሉ የላመ መሆን አለበት። ከዚያ ሐኪሙ ያዘዘው የኮሪደር ጉዞ አለ። እሱን ይጠሉታል።

«እስከ ኤሌቬተሩ ብቻ፣ እማማ። ትንሽ ነው የቀረው።»

«የእኛም መንግሥት እንዲህ ነበር የሚለን። ትንሽ ነው የቀረው፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

እግራቸውን ለማስረሳት ወሬ እጠይቃቸው ነበር። የአባታቸውን ታሪክ የሰማሁት እንደዚያ፣ በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት፣ ኮሪደሩ ላይ ነው።

«አባቴ አሌክሴይ ባቡር ላይ ከሰል በአካፋ የሚጨምር ሰው ነበር» አሉኝ። «አብዮቱ ሲመጣ ፓርቲ ገባ። የማታ ትምህርት ተማረ። ስቴፓን የሚባል አለቃ ነበረው፤ የባቡሮቹን ሰዓት ማውጣት ያስተማረው እሱ ነው። አባቴን ወደ ላይ የሳበው ስቴፓን ነው። በመጨረሻ አባቴ የክፍለ ሀገሩ የባቡር መንገድ ምክትል ኃላፊ ሆነ። ሾፌር ያለው መኪና፣ አራት ክፍል ቤት፣ ስልክ! በሕንፃው ስልክ የነበረን እኛ ብቻ ነን። የስቴፓን ልጅ ቬራ ጓደኛዬ ነበረች። እኛ ቤት እየመጣች ስልኩን አንስታ ታዳምጥ ነበር።»

ሌላ ቀን ደግሞ ቀጠሉ። «ከዚያ ዘመኑ ከፋ። ባቡር ሲዘገይ ‹ሐዲዱ አርጅቷል› ማለት ቀረ። ‹ጠላት አዘገየው› ተባለ። ስቴፓን ታሰረ። ስብሰባ ተጠራ፤ አባቴ ተነሥቶ ስቴፓን ላይ ተናገረ። ወዲያው የስቴፓን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መሐንዲስ ሊታሰር ሲል የአባቴ ፊርማ ይጠየቃል። ይፈርማል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ቬራ ቤታችን መምጣት እንደተወች ብቻ ነበር።»

አወዳደቁን የነገሩኝ ቆም ብለው፣ ዎከሩን ተደግፈው ነው። ሁለት የጭነት ባቡሮች ተጋጩ። መጀመሪያ ሾፌሩ መምጣት ተወ። ከዚያ ስልኩ መጮህ አቆመ። ደረጃ ላይ የሚያገኟቸው ጎረቤቶች ዓይናቸውን ይሰብሩ ጀመር። አባታቸው ወደ ሥራ በእግሩ መሄድ ያዘ። አንድ ቀን ለስብሰባ ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ቤቱን ሊፈትሹ የመጡት ሰዎች በሩን ያንኳኩት እየደበደቡ ነበር።

«አሥር ዓመት ተፈርዶበታል፣ ደብዳቤ መጻጻፍ ክልክል ነው ተባልን። እናቴ ‹እንዳታለቅሱ› አለችን። ግድግዳው ስስ ነው። ለሕዝብ ጠላት ማልቀስ ራሱ ወንጀል ነበር። ስለዚህ አላለቀስንም።»

ከዓመታት በኋላ መንግሥት አባታቸው ከወንጀል ነጻ እንደሆነና እስር ላይ በሳንባ ምች እንደሞተ አስታወቀ፤ የሞተበትን ቀንም ነገራቸው። በዚያ ቀን በየዓመቱ ሻማ ያበሩ ነበር። ያ መንግሥት ሊወድቅ ሲል ግን እውነቱ ወጣ። በሳንባ ምች አልሞተም። በታሰረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በማርች፣ ተረሽኗል። ያ ሁሉ ሻማ የበራው በተሳሳተ ቀን ነበር።

እማማ ራይሳ አንድ ልጅ አላቸው፤ ሚሻ የሚባሉ የጥርስ ሐኪም። እሑድ እሑድ አስቤዛ ይዘው ይመጣሉ። አንድ እሑድ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሁለቱ በሩሲያኛ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ዶክተር ሚሻ ሲናደዱ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞሩ፣ እናታቸውም ስለሚከተሏቸው፣ ሰማሁ።

«በዓመት አንድ ቀን፣ አባቴ በሞተበት ቀን፣ ከእኔ ጋር ተቀመጥ ነው ያልኩህ» አሉ እናት።

«የፈረመባቸው ሰዎችስ፣ እማ? የእነሱን ስም አንድ ቀን ጠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«አባቴ ነው።»

«እነሱም የሰው አባት ነበሩ። አንቺ ስማቸውን ጥሪ፣ ያኔ እቀመጣለሁ።»

እኔ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ከዚያ እሑድ በኋላ እማማ ራይሳ ኮሪደር መውጣት ተዉ። ማንኪያ ሳቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። «እኔ ስሞት አባቴም አብሮኝ ይጠፋል» አሉኝ። «አንድ ሰው እንኳ ሳያለቅስለት።»

ቤታችን ሪችፊልድ ነው። እናቴ ብሉሚንግተን ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። የደንበኛን ስም ማውጣት ስለማይፈቀድ ስም ሳልጠራ ታሪኩን ነገርኳት። የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠችው።

«አልተለቀሰም? ጭራሽ?»

«አልተለቀሰም።»

«በቀይ ሽብር እኛንም እንዲሁ ከልክለውን ነበር። አጎቴ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። ስንቱን አሳስሮ ኋላ እሱንም ወሰዱት። አያትሽ ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው።» ከዚያም «የሞተበት ቀን መቼ ነው?» አለች።

«የፊታችን ሰኞ።»

«እንሄዳለን።»

«እማዬ፣ አይፈቀድም! ሥራዬን ላጣ እችላለሁ!»

«ለቅሶ ሰምቶ መቅረት ነው የማይፈቀደው።»

ለወይዘሮ አልማዝ ነገርኳቸው። «ደንቡ አይፈቅድም» አሉ። «ሴትየዋ ግን በቤታቸው እንግዳ መቀበል ይችላሉ። ጠይቂያቸው። እኔም ለቁጥጥር እመጣለሁ።» እማማ ራይሳን እናቴ ልትጎበኛቸው እንደምትፈልግ ነገርኳቸው።

«ምን ልትሸጥልኝ?»

«ምንም። ልትቀመጥ ብቻ።»

«ትቀመጥ። ወንበር ሞልቷል።»

ሰኞ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ወይዘሮ አልማዝ ጥቁር ለብሰው መጡ። እናቴ ንፍሮ ይዛለች፤ ለእማማ ራይሳ ብላ ስንዴውን ለብቻው እስኪፈነዳ ቀቅላዋለች። ሁለቱም ሳይስቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ገብተው ተቀመጡ።

እማማ ራይሳ ተራ በተራ አዩዋቸው። «ማን ሞተ?»

«አባትዎ» አለች እናቴ በሆቴል እንግሊዝኛዋ።

«ዘግይታችኋል» አሉ እማማ ራይሳ።

«መንገድ ዘግተውብን ነው።»

ያን ጊዜ ተቆጡ። ስልክ አንስተው ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። «ሳሎኔ ውስጥ ሦስት ኢትዮጵያውያን ለአያትህ ለቅሶ ተቀምጠዋል! ና አስወጣልኝ!» እኔ ሥራዬ በዚያ ቀን እንዳበቃ እርግጠኛ ሆንኩ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ስንዴውን በሹካ ፈጭቼ በትንሽ ሳህን አቀረብኩላቸው።

ሳህኑን ትክ ብለው አዩት። «ስንዴ ነው?»

«ለሞተ ሰው የሚቀመስ ነው» አለች እናቴ።

«አያቴም ሰው ሲሞት ስንዴ ትቀቅል ነበር። ለአባቴ ግን ማንም አልቀቀለም።» አንድ ማንኪያ ወሰዱ፤ ቀስ ብለው ዋጡ። ከዚያ ቀና አሉ። «ጥሩ ሰው አልነበረም። ይህን እወቂ።»

«ለጥሩ ሰው ብቻ ቢለቀስ ኖሮ የእኔ ነጠላ እስከ ዛሬ አዲስ ነበር» አለች እናቴ። «በእኛ ዘንድ ሲለቀስ ስም ይጠራል። የሟቹም፣ ቀድመውት የሄዱትም። የማንን ስም ልጥራ?»

እማማ ራይሳ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። ተቀበልኳቸው።

«ስቴፓን» አሉ።

«ወይኔ ስቴፓን!» አለች እናቴ ደረቷን መታ አድርጋ። ወይዘሮ አልማዝ ተቀበሏት።

«ከታች የሚኖረው መሐንዲስ፣ ፓቬል። ሚስቱ ፕሪም ትሰጠኝ ነበር።» የፓቬልም ስም ተጠራ። «ቬራ» አሉ ከዚያ፣ «ቬራ የት እንደደረሰች አላውቅም»፤ እንባቸው ያኔ መጣ። የአባታቸውን ስም ያወጡት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ቀና ስል ዶክተር ሚሻ በሩ ላይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። የመጡት ሊያስወጡን ነበር። ስሞቹን ሰምተዋል። ወይዘሮ አልማዝ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ሰጧቸው፤ ንፍሮም ዘገኑላቸው። «እንካ ወንድሜ» አሉ በአማርኛ። ተቀበሉና ተቀመጡ።

እናቴ ሠልስት ሳይሆን ለቅሶ አይነሣም ብላ ስለነበር እስከ ረቡዕ ተቀመጥን። ኤጀንሲው ነገሩን ሲሰማ ለእኔም ለወይዘሮ አልማዝም ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ደንብ ስለጣስን ተገቢ ነበር። እማማ ራይሳ ግን እንደገና ምግብ ይበላሉ።

በዚህ ሥራ እስካሁን የተማርኩት አንድ ነገር ነው። በደለኛም ቢሆን የሞተ ሰው ይለቀስለታል፤ ሲለቀስለት ግን የበደላቸው ሰዎች ስም አብሮ ይጠራል።

በሠልስቱ ዶክተር ሚሻ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ነበር። የአሌክሴይ ለቅሶ የተነሣው በዚያው ዕለት፣ ማርች አሥራ ሦስት ቀን ነው።