በሁዳዴ የጥጃ ደም

እናቴ ከሞተች በኋላም አባቴ እሑድ እሑድ ከትውልድ መንደራችን ከሮብ ገበያ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ እሷ ነበር። «እንዴት ሰነበተች?» ይላሉ። «ደኅና ናት፤ ጠርሙሱን ሞልታዋለች» እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርቆስ ከተማ ውስጥ በምሠራበት ላቦራቶሪ የሳንባ ካንሰር ሕዋሳትን ከሕሙማን እየወሰድን ከሰውነት ውጭ ለማራባት እንሞክራለን፤ መድኃኒት የሚሞከረው በእነሱ ላይ ነው። እናቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ ሳታውቅ በዚሁ በሽታ ተያዘች። ከደረቷ ሕዋሳቱ ያሉበት ውሃ በተቀዳላት ቀን፣ ጥቂቱን ለሥራችን ብንወስደው ትፈቅድ እንደሆነ ሐኪሙ ጠየቃት። «ለሰው ከጠቀመ ምን ከለከለኝ» አለች።

ከታማሚ የሚወሰድ ሕዋስ አብዛኛው ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። የእሷም ከጠርሙሱ ግርጌ ተለጥፎ ዝም አለ። ባልደረቦቼ ተይው አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አልለቀቅኩም። አርባዋ ወጥቶ፣ ክረምቱ አልፎ፣ አንድ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳየው ተባዝቷል። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ገና በር ስከፍት «እንዴት አደርሽ?» እላት ጀመር። የተማረ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ እኔ ግን እናቴ ናፍቃኝ ነበር።

አባቴ ሊያዩዋት በሁዳዴ መጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱና ብዙ ቆዩ።

«ምን ትበላለች?»

«ስኳር፣ ጨው። ከጥጃ ደም የሚወጣ ፈሳሽም አለበት።»

ቀና አሉ። «በሁዳዴ?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። እናቴ ሐኪም ወተት ጠጪ ብሎ ሲለምናት፣ የንስሐ አባቷም ሲፈቅዱላት፣ «ፋሲካ ይድረስ» ብላ ፋሲካን ሳታይ የሞተች ሴት ናት። አባቴ አገር ቤት ተመልሰው የንስሐ አባቷን ጠየቁና ደወሉ። «በሽተኛ አይገደድም፤ አብሏት ብለዋል።» ድምፃቸው ቀለል ብሎ ነበር።

አዲስ የሕዋስ ዘር ተገኘ ከመባሉ በፊት ግን ማንነቱ ይመረመራል፤ ቀድሞ ከተቀመጠ የባለቤቱ ደም ጋር ይመሳከራል። ውጤቱ መጣ። የእናቴ አይደለም። እዚያው ክፍል የምናራባው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የሌላ ሰው ሕዋስ፣ በአንዲት ጠብታ ገብቶ እንክርዳድ ስንዴ እንደሚውጥ ውጧታል። የእሷ መቼ እንዳለቀ አላወቅንም። እንዴት አደርሽ ስል የኖርኩት የማላውቀውን ሰውዬ ነው። እናቴ ሁለተኛ ሞተችብኝ፤ ይኼኛው ሞቷ ደግሞ ለቅሶ የሚደርሱለት አይደለም።

እሑድ አባቴ ሲደውሉ ነገርኳቸው።

«የማን ነው ታዲያ?»

«ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ ፈረንጅ ነው፣ አባባ።»

«ልጅ አለው?»

«አላውቅም።»

«እንግዳ ነው፤ እንዳይርበው» አሉኝ።

ደንቡ የሌላ ሕዋስ የገባበት ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሁሉ በበረኪና ተገድሎ ይደፋ ይላል። ሰኞ ጠዋት በረኪናውን አወጣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። የዚያን ቀን ምግቡን በአዲስ ቀየርኩለት። እንዴት አደርክ ማለት ግን አልቻልኩም።