የሙሉቀን እጅ ያልጻፈው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጾም በመጣ ቁጥር ከፊታቸው ተንበርክኬ የሰደብሁትን፣ የዋሸሁትን፣ ጾም የሻርሁበትን ቀን ሳይቀር ስዘረዝር ኖሬ እዚህ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ። የሰው እጅ አስቆርጫለሁ፣ ሰው አስገድያለሁ። በእጄ ግን ዱላም መጥረቢያም አልያዝሁም። የያዝሁት ስልክ ነበር።

ሮብ ገበያ ላይ ባለች ሱቄ ስልክ እጠግናለሁ፣ እሸጣለሁም። ከጮቄ ተራራ በኩል ድንችና ገብስ ጭነው የሚመጡ ሰዎች ስልክ ሲገዙኝ «ፌስቡኩንም አብረህ ክፈትልኝ» ይሉኛል። በራሴው ስልክ ቁጥር እከፍትላቸዋለሁ፣ የይለፍ ቃሉንም እኔው መርጬ በደብተር እጽፈዋለሁ። «ጠፋብኝ» ብለው ሲመለሱ ደብተሩን ገልጬ እነግራቸዋለሁ። እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ ማንም ክፉ ነገር አላሰበበትም። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አላሰብሁበትም ነበር።

አያ ሙሉቀን የድንች ነጋዴ ነው። ኮት ለባሽ፣ ቁመናው ያማረ፣ በደረት ኪሱ ሁልጊዜ እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነበር። ፌስቡክ የከፈትሁለት ቀን ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «እኔኮ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አደራ፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ» አለኝ። እስክሪብቶው ለማዕረግ ነበር። ለማንም አልነገርሁበትም። በዕድሜዬ በደንብ የጠበቅሁት አደራ ይኸው ነው፣ ሰውየውን የጎዳሁትም በእሱው ነው።

አንድ ጊዜ አሮጌ ባትሪ አዲስ ነው ብዬ ሸጥሁለት። ባትሪው አብጦ ስልኩን አበላሸው። በገበያ ቀን መጥቶ በሰው ፊት «ሌባ!» ብሎ ሁለት ጊዜ በጥፊ አጮለኝ። ገበያተኛው ሳቀ። ሙሉቀን እውነቱን ነበር፣ ሌባ ነበርሁ። እኔ ግን መስኮቴን ዘግቼ ገባሁና ደብተሩን ገለጥሁ።

ከብዙ ዘመን በፊት የሙሉቀን አጎት፣ ጥሩነህ የሚባልን ሰው በእርሻ ድንበር ጠብ ገድሎ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ደረቀ። የሙሉቀን ወገን የሟቹን ስም አንስቶ እንዳይፎክር በመስቀል ምሎ ታረቀ። ይህን የማያውቅ ያገር ሰው የለም፣ እኔም አውቃለሁ። አውቄ፣ በሙሉቀን ስምና በሙሉቀን ፎቶ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ጥሩነህን እንደ በግ የጣልነው እኛ ነን። ልጆቹ ወንድ ከሆኑ ይምጡ።»

ምን አስቤ ነበር? ሽማግሌ ይገሥጸዋል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ያፍራል ብዬ ነበር? ለብዙ ጊዜ ራሴን እንዲህ እያልሁ ሳታልል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ሲመታ ላየው ፈልጌ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሦስቱ የጥሩነህ ልጆች መጡ። ሙሉቀን ከመስኮቴ ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ድንቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻውን ሰበረው። ጆንያው ላይ ወደቀ። «ምን አደረግኋችሁ?» አለ። ስልኩን አሳዩት። የራሱን ፎቶ አየ፣ ከሥሩ ያለውን ግን ማንበብ አልቻለም። እየረገጡ አነበቡለት። ያን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ የደበቀውን ነገር በገበያው መሐል ጮኾ ተናገረ፦ «ኧረ በማርያም! መጻፍ አልችልም! ፊደል አላውቅም!»

ሳቁበት። አንደኛው እስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዞ «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?» አለው። ከሦስቱ ትንሹ፣ ደሳለኝ፣ ቀኝ ክንዱን በእግሩ ረግጦ «የጻፈችው ይቺ ናት» አለና መጥረቢያውን አሳረፈበት። በአንዱ አልተቆረጠም፣ ደገመው። ደሙ በድንቹ መሐል ሲወርድ አየሁ። ጩኸቱ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እውነቱን ነው፣ አይጽፍም፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ» ብል መጥረቢያው ወደኔ ይዞር ነበር። መፍቻዬን እንደያዝሁ በመስኮቴ ቆሜ አየሁ።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን የሙሉቀን ታናሽ ወንድም አበጀ፣ ደሳለኝን በቅሎ ውኃ ሲያጠጣ ወንዝ ዳር አግኝቶ በጥይት ደረቱን መታውና ጫካ ገባ። የደሳለኝ ወንድሞች የአበጀን ቤት ከነእህሉ አቃጠሉ። ደሳለኝ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ስልኩን የሸጥሁለት እኔ ነኝ።

የሙሉቀን ሚስት «ባሌ አይጽፍም» እያለች ስታለቅስ ሽማግሌዎቹ ጠረጠሩና አገሩን ለአውጫጪኝ ሰበሰቡት። በሬ ሲሰረቅ እንደሚደረገው ሁሉም እየተነሣ ያየውን የሰማውን በመሐላ ይናገራል። በዚያው ሰሞን ከደብረ ማርቆስ የመጣ ባለሙያ በስልክና በኢንተርኔት ስለሚሠራ ወንጀል አስተምሮን ነበር። ሌባው ባሕር ማዶ ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው የይለፍ ቃል እንደ ቤት ቁልፍ ይሰብራል፣ ሥራ ያጡ የተማሩ ወጣቶች በዚህ የሚኖሩበት አገር አለ ብሎናል። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ይህንኑ ደገምሁት። «የውጭ አገር ሰው ሥራ ነው፤ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብዬ ማልሁ። ስለ ደብተሬ የጠየቀኝ የለም።

የጥሩነህ ታላቅ ልጅ ብድግ አለ። «ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያባታችንን ስም ከየት አገኘው? ሙሉቀን ነው ያስጻፈው!» አለ። ግማሹን በትክክል አሰበው። ባሕር ማዶ ያለው ሌባ ገንዘብህን ይፈልጋል እንጂ አንተን አያውቅህም፣ ስለማያውቅህም ቁልፍ መስበር አለበት። እኛ አገር የሚሰበር ቁልፍ የለም፣ በእጃችን ሰጥተነዋል። የሚያጠፋህም የአባትህን ገዳይ የሚያውቅ፣ ነውርህን የነገርኸው፣ በየትኛው ቃል እንደምትሞት ያልጠፋው ጎረቤትህ ነው። ይህን ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ፣ አውቄም ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤት በደም እየተፈላለገ ነው። አሁን ሽማግሌዎቹ እንደገና ለእርቅ ተቀምጠዋል። የጥሩነህ ልጆች የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ሙሉቀን እንደ እርቅ ወጉ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በፊታቸው «አስጽፌያለሁ፣ ማሩኝ» ይበል። ስድስት ዓመት እንቢ ብሎ ነበር። አበጀ ከጫካ እንዲመለስለት ሲል እሺ አለ። እሑድ ነው።

ትናንት ሱቄ መጣ። ባዶ እጅጌው ኮቱ ኪስ ውስጥ ገብቷል፣ እስክሪብቶው የለም።

«ድንጋዩን ባንድ እጅ ማንሣት አቃተኝ» አለኝ። «እስቲ አንተ አንገቴ ላይ አድርግልኝ። ምሥጢሬን ያላወጣህብኝ አንተ ብቻ ነህ።»

እሺ አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ?

ይቅር በሉኝ አልልም፣ ሁለት ጥፊ ሰበብ አይሆነኝም። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እሑድ ድንጋዩን አነሣና በራሴ አንገት ላይ አደርገዋለሁ። የጥሩነህ ልጆች ዱላ ቢያነሡ ማንም አይገላግለኝ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ በመስኮት ቆሞ የሚያይ ሰው ነኝ። እግሬ የከዳኝ እንደሆነ ይህን ያነበባችሁ ሂዱና ለሽማግሌዎቹ ንገሩልኝ። ሙሉቀን አልጻፈም፣ አላስጻፈም። የጻፍሁት እኔ ነኝ።